«እዚህ እኖራለሁ»፦ በፓሌርሞ ካቴድራል ለእቴጌ መቃብር የሆነው የሮማውያን የሬሳ ሣጥን

በሲሲሊ ደሴት፣ በፓሌርሞ ካቴድራል፣ ነገሥታቱ ወደተቀበሩበት ክፍል የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀዩን ድንጋይ ነው። ፖርፊሪ ይባላል። እንደ ደረቀ ደም ጠቆር ያለ ነው፤ ተወልውሎ ያበራል፤ በዓምዶች ላይ የቆመ ጣሪያ ይከልለዋል። ንጉሥ ሩጀሮ 2ኛ፣ ልጁ ኮስታንዛ፣ ባሏ ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ 6ኛ፣ የእነሱም ልጅ ፍሬዴሪክ 2ኛ፣ አራቱም በዚህ ድንጋይ ውስጥ ናቸው። ዓይን ከቀዩ ሲነሳ ደግሞ ጎን ላይ ነጭ የእብነ በረድ ሣጥን ያገኛል። ፊቱ ላይ የተቀረጸው መስቀልም መልአክም አይደለም። ወንዶች ከአውሬ ጋር የተጋፈጡበት የአደን ትዕይንት ነው፤ የ3ኛው መቶ ዘመን የሮማውያን ሥራ። በውስጡ ያለችው ግን በ1222 የሞተች ክርስቲያን እቴጌ ናት፤ የአራጎኗ ኮስታንዛ፣ የፍሬዴሪክ 2ኛ የመጀመሪያ ሚስት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተሰቡ በንጉሣዊ ፖርፊሪ ሲቀበር እሷ ለምን ከእሷ በፊት አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ለማይታወቅ ሮማዊ በተሠራ ሣጥን ተቀበረች? ይህን የጉዳይ ጥናት የጻፍኩት ለዚህ ጥያቄ ነው። ቶሎ የሚመጣው መልስ «ሌላ ስላልነበረ» የሚለው ነው። ሌላው ቶሎ የሚመጣ መልስ ደግሞ «ባሏ አደን ስለሚወድ» ይላል። ሁለቱም ሣጥኑን በደንብ ሳያዩ የሚሰጡ መልሶች ይመስሉኛል።

መነሻችን ሣጥኑ የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረበት ዘመን ይሁን። ሮማውያን ለረጅም ጊዜ ሬሳ አቃጥለው አመዱን በዕቃ ያኖሩ ነበር። ከ2ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ግን አቅም ያለው ቤተሰብ ሁሉ ሬሳውን እንዳለ በእብነ በረድ ሣጥን ማስቀመጥ ያዘ። እንዲህ ያለው ሣጥን የሚጠራበት ሳርኮፋገስ የሚለው ቃል ራሱ «ሥጋ በላ» ማለት ነው፤ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በትንሹ እስያ በአሶስ ከተማ የሚገኝ አንድ ድንጋይ ከጥርስ በስተቀር ሬሳን በ40 ቀን ይጨርሳል ብሎ ጽፏል። የሣጥኑ ፊት ለጠራቢው ሰፊ ሜዳ ሆነለት። በመጀመሪያ የአማልክትና የጀግኖች ተረት ነገሠበት። በ3ኛው መቶ ዘመን ግን ተረቱ እየቀለለ ሄዶ ሟቹ ራሱ ጀግና ሆኖ ይቀረጽ ጀመር፤ በፈረስ ተቀምጦ ጦር ሰብቆ አንበሳ የሚገጥም ሰው። ሟቹ በሕይወቱ አንበሳ ማየቱ ግድ አልነበረም። ነጋዴም የከተማ ሹምም ሊሆን ይችላል። አደኑ የሚናገረው ላቲኖቹ ቪርቱስ ስለሚሉት ነገር ነው፤ በእኛ ወንድነትና ጀግንነት አንድ ላይ ተጠቅልለው የሚያወጡት ትርጉም። ጀግንነቱን ራሷን በሴት መልክ ሠርተው፣ የራስ ቁር አድርገውላት ከፈረሰኛው ጎን የሚያቆሙበት ጊዜም ነበር።

መቃብር በሮማ ሕግ የማይነካ ነገር ነበር። ብዙ መቃብሮች ሌላ ሰው ያስገባ ይህን ያህል መቀጫ ይክፈል የሚል ጽሑፍ ይለጠፍባቸዋል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ነገሩ ስለሚደረግ ነው። ሮማውያን ራሳቸው የሌላ ሰው ሣጥን ከፍተው፣ አጥንቱን አውጥተው የራሳቸውን ሰው ያስገቡ ነበር። ዳግም መጠቀም የመካከለኛው ዘመን ክርስቲያኖች የጀመሩት አይደለም።

የፓሌርሞው ካቴድራል ደግሞ ከመሠረቱ በዳግም መጠቀም የኖረ ሕንፃ ነው። ቦታው ላይ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አረቦች ከተማዋን በ831 ሲይዙ መስጊድ ሆነ። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች፣ የሩጀሮ ወገኖች፣ በ1072 ሲገቡ እንደገና ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ የዛሬው ሕንፃ በጳጳሱ ጓልቲየሮ ዘመን ታንጾ በ1185 ተባረከ። በደቡቡ በር አምዶች በአንዱ ላይ የቁርዓን ጥቅስ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይነበባል። ማንም አልፋቀውም። ምዕመናን ለዘመናት በአጠገቡ አልፈው ቅዳሴ ገብተዋል። ከሥር ባለው ምድር ቤትም የከተማዋ ሊቃነ ጳጳሳት ካረፉባቸው ሣጥኖች መካከል የሮማውያን ሥራ የሆኑ አሉ። የኮስታንዛ ሣጥን ወደዚህ ቤት ሲገባ እንግዳ ነገር አልነበረም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። የአራጎን ንጉሥ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ የሃንጋሪውን ንጉሥ ኢምሬን አገባች፤ እሱ በ1204 ሞተባት፤ ሕፃኑ ልጃቸው ላስሎም በዓመቱ በ1205 ተከተለው። በ1209 ወደ ሲሲሊ ስትላክ ፍሬዴሪክ ገና 14 ዓመቱ ነው፤ እሷ ቢያንስ በአሥር ዓመት ትበልጠዋለች። ወንድሟ አልፎንሶ 500 ፈረሰኞች ይዞ አብሯት መጣ። ለወላጅ አልባው ወጣት ንጉሥ ያ ጦር ከጥሎሹ ሁሉ ይልቅ ያስፈልገው ነበር። ግን በፓሌርሞ ወረርሽኝ ገባ፤ አልፎንሶ ሞተ፤ ከፈረሰኞቹም ብዙዎቹ አለቁ። ጦሩ አልቆ ሙሽራዋ ቀረች።

ቀርታም ሥራ ሠራች። በ1211 ልጃቸው ሄንሪ ተወለደ። ፍሬዴሪክ በ1212 የጀርመንን ዙፋን ፍለጋ ሲሄድ መንግሥቱን በእንደራሴነት የያዘችው እሷ ናት። በ1216 ወደ ጀርመን ተከተለችው። ኅዳር 22 ቀን 1220 ሮም ላይ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኦኖሪየስ 3ኛ እጅ ሁለቱም የንጉሠ ነገሥትነትና የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1222 በካታኒያ ከተማ አረፈች።

ፖርፊሪው ለምን አልደረሳትም? እዚህ ላይ መዝገቡ ይረዳናል። የፍሬዴሪክ አያት ሩጀሮ 2ኛ በ1145 ሁለት የፖርፊሪ ሣጥኖች እዚያው ሲሲሊ ላለው ለቼፋሉ ከተማ ካቴድራል ሰጥቶ ነበር፤ አንደኛው ለራሱ ሬሳ፣ ሌላው ለስሙ መታሰቢያ። ሐሳቡ አልሞላለትም፤ በ1154 ሲሞት የተቀበረው ፓሌርሞ ውስጥ፣ ከፖርፊሪ ገበታዎች በተገጣጠመ ሣጥን ነው። ፍሬዴሪክ በ1215 ሁለቱን የቼፋሉ ሣጥኖች ወደ ፓሌርሞ አስመጣ፤ አንዱን ለአባቱ፣ አንዱን ለራሱ። ስለዚህ ኮስታንዛ በሞተችበት ቀን ፖርፊሪው ሁሉ ከሰባት ዓመት በፊት ባለቤት አግኝቷል። አዲስ ማስቀረጽም በወራት የሚሆን አልነበረም። ድንጋዩ የሚገኘው በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ በአንድ ተራራ ብቻ ነው፤ የድንጋይ ማውጫው ደግሞ ከሮማውያን ዘመን ማብቂያ ወዲህ ተዘግቷል። ኖርማኖቹ የተጠቀሙበት ፖርፊሪ ራሱ ከጥንት ሕንፃ የተነሳ ነው፤ የዚህን መቃብር ጥናት በ1959 ያሳተመው ዮዝፍ ዴኤር ሣጥኖቹ ከትላልቅ የጥንት ዓምዶች እንደተጠረቡ ተከራክሯል።

ይህ ነገር ጥያቄውን ይገለብጠዋል። «ለምን እሷ ብቻ በአሮጌ ዕቃ ተቀበረች?» ማለት አይቻልም፤ በዚያ ክፍል ሁሉም በአሮጌ ድንጋይ ተቀብረዋል። ፍሬዴሪክ የተኛው ለአያቱ በታሰበ ሣጥን ነው። ልዩነቱ የአጠቃቀሙ መንገድ ነው። ፖርፊሪው ተጠርቦ መልኩ ተለውጧል፤ ቀለሙ ብቻ ሮማን ያስታውሳል። የእሷ ሣጥን ግን እንደነበረ ተወስዷል፤ የሮማው ጠራቢ ሥራ ሳይፋቅ፣ ሳይሸፈን። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ ምስሉን ደምስሶ መስቀል መቅረጽም እንዲሁ። ያንን አላደረጉም። የመረጡት ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ጭምር ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

የጨመሩበት ነገር ቢኖር ጽሑፍ ነው። ሁለት የላቲን ስንኝ። በአማርኛ ሲሆን ይህን ይመስላል፦

«የሲካኒያ ንግሥት ነበርኩ፣ ኮስታንዛ፤ ሚስት፣
አውግስታ፣ አሁን እዚህ እኖራለሁ፣ ፌዴሪኮ ሆይ፣ የአንተው።»

ቅኔ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ቆም ቢል ያተርፋል። «ሚስት» የሚለው ቃል የመጀመሪያውን ስንኝ ይዘጋል፤ «አውግስታ» ሁለተኛውን ይከፍታል። አንድ ላይ ሲነበቡ «እቴጌ ሚስት» ይሆናሉ፤ ግን በመካከላቸው የስንኝ ድንበር አለ፤ ሚስትነቷ እዚያ፣ እቴጌነቷ እዚህ። ማሰሪያ ግሱ «ሃቢቶ» ነው፤ «እኖራለሁ»። «ተቀብሬአለሁ» ወይም «አርፌአለሁ» አይልም። ነዋሪ ናት። የመጨረሻው ቃል ደግሞ «ቱዋ» ነው፤ «የአንተ»። በእኛ ሙሾ አልቃሿ ሟቹን ትጠራለች፤ እዚህ ሟቿ በሕይወት ያለውን በስሙ ትጠራዋለች። ግጥሙ ሲቀረጽ ፍሬዴሪክ ከተባለ ሰው በቀር ማንም ሊመልስ የማይችለው ጥሪ ነው።

ከዚያም «ሲካኒያ» አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን የመንግሥቱ ደብዳቤዎች ደሴቲቱን «ሲሲሊያ» ነው የሚሏት። ሲካኒያ የጥንት ባለቅኔዎች ስም ነው፤ ግሪኮች ሳይመጡ ደሴቲቱን ይኖሩባት ከነበሩት ከሲካኖች የመጣ። ገጣሚው ለቤት መምቻ ብቻ የመረጠው አይመስለኝም። የጥንት ሣጥን ላይ የጥንት ስም ጻፈ። ሣጥኑን የመረጠውና ቃሉን የመረጠው አንድ ሰው ባይሆኑ እንኳ አንድ ሐሳብ ነበራቸው፤ ይህች ሴት የምትኖረው ከዛሬው መንግሥት በሚበልጥ ዕድሜ ውስጥ ነው የሚል።

ይህን ግጥም ከሣጥኑ ውስጥ ካለው ሌላ ጽሑፍ ጋር ማስተያየት ጠቃሚ ነው። ከአስከሬኗ ጋር የተቀመጠው ሰሌዳ ቅኔ የለበትም፤ የደብተራ ሳይሆን የጸሐፊ ቋንቋ ነው። ይህ የእመቤት ኮስታንዛ አስከሬን ነው፣ የሮማውያን እቴጌ፣ የሲሲሊ ንግሥት፣ የንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ ሚስት፣ የአራጎን ንጉሥ ልጅ፤ በ1222 ሰኔ 23 በካታኒያ ከተማ ሞተች ይላል። እዚህ «ሲሲሊ» ነው የሚለው፤ ሲካኒያ የለም። ለሕዝብ ዓይን ቅኔ፣ ለታሪክና ለትንሣኤ ቀን ደረቅ መረጃ። አንዱ ባይኖር ሌላው ብቻውን ይህን ያህል አይነግረንም ነበር።

መቃብሩ በ1491 በምክትል ንጉሡ ፌርናንዶ ደ አኩኛ ትእዛዝ ሲከፈት ከውስጡ አንድ ዘውድ ወጣ። ዛሬ በካቴድራሉ ግምጃ ቤት ይታያል። የአውሮፓ ነገሥታት የሚደፉት ዓይነት ክፍት ቀለበት አይደለም። ራስን ሙሉ የሚሸፍን ቆብ ነው፤ በወርቅ ሐረግ፣ በዕንቁና በከበሩ ድንጋዮች የተሞላ፤ ከሁለቱ ጎኖቹ ወደ ጆሮ የሚወርዱ ሰንሰለታማ ጌጦች አሉት። ከድንጋዮቹ በአንዱ ላይ በአረብኛ ፊደል የማርያምን ልጅ ኢየሱስን የሚጠራ ጽሑፍ ተቀርጿል። የባይዛንታይን ነገሥታት ዓይነት አክሊል፣ የፓሌርሞ ቤተ መንግሥት ሥራ፣ በአረብኛ የተጻፈ የክርስቲያን ጸሎት፤ ሲሲሊ በአንድ ቆብ።

የተገኘው ግን በራሷ ላይ ሳይሆን በእግሯ በኩል በተቀመጠ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ዴኤር ዓይነቱን መርምሮ የወንድ፣ የንጉሡ የራሱ ዘውድ ነው ብሏል፤ ፍሬዴሪክ ሚስቱ ስትቀበር የራሱን ዘውድ ከእግሯ ሥር አኖረው ማለት ነው። ይህን አስተያየት የምቀበለው ከቀሪው ነገር ጋር ስለሚገጥም ነው። ፊቱ ላይ የወንድ አደን፣ ውስጡ የወንድ ዘውድ፣ ላዩ ላይ የወንዱን ስም የሚጠራ ግጥም። የእሷ መቃብር ፍሬዴሪክ በብዛት የሚገኝበት መቃብር ነው።

እዚህ ላይ ግን ራስን መግታት ያስፈልጋል። ፍሬዴሪክ በወፍ ስለማደን ትልቅ መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው ስለሆነ የአደን ሣጥን መምረጡን ከዚያ ጋር ማያያዝ ይጥማል። የእሱ አደን ግን ጭልፊት በእጅ ይዞ፣ ወፏን አጥንቶ፣ ታግሦ የሚደረግ ጥበብ ነው። በሣጥኑ ላይ ያለው ጦርና አውሬ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው «አደን» የሚለው የእኛ ቃል ብቻ ነው። ሌላውም ፈተና እንዲሁ ነው፤ ፍሬዴሪክ እንደ ሮማ ቄሣሮች መልኩን ያስቀረጸበትን አውጉስታሌ የተባለ የወርቅ ገንዘብ አወጣ፤ በጣሊያኗ ከተማ በካፑዋም በጥንት ዘይቤ ሐውልቶች ያጌጠ በር አሠራ። ስለዚህ ሣጥኑም የዚያ «የሮማ ትንሣኤ» ክፍል ነው ይባላል። ገንዘቡ የወጣው በ1231 ነው፤ በሩ የታነጸው በ1230ዎቹ ነው። ኮስታንዛ የሞተችው በ1222 ነው። የኋላውን ፍሬዴሪክ አምጥተን የፊተኛውን ማስረዳት አንችልም። የሚቀድመው የ1220 የሮም ዘውድ ነው። እሷ ሞታ ስትቀበር «የሮማውያን እቴጌ» የሚለው ማዕረግ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው አዲስ ነገር ነበር፤ ሣጥኑ ይህን አዲስ ማዕረግ አሮጌ ያደርገዋል። ለእኔ ጠንካራው ማብራሪያ ይህ ነው።

የሷ ጉዳይ ብቸኛም አይደለም። ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ ታላቁ (ሻርለማኝ) በ814 በጀርመን ምድር አኽን ላይ ሲሞት ፕሮሰርፒና ስትጠለፍ በሚያሳይ የሮማውያን ሣጥን እንደተቀበረ ይታመናል። በ1076 የሞተችው የቶስካና ልዕልት ቤያትሪስ በፒሳ ፌድራና ኢፖሊቶስ በተቀረጹበት ሣጥን ተቀብራለች፤ ቀራጺው ኒኮላ ፒሳኖ ከዚያ ሣጥን ተምሮ በ1260 የጨረሰውን የፒሳ መስበኪያ ምስሎች ሠራ ይባላል። በራሷ በሲሲሊ፣ በአግሪጀንቶ ካቴድራል፣ ያው የፌድራ ታሪክ የተቀረጸበት ሌላ ሣጥን ነበር፤ ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በሚያዝያ 1787 ሲያየው መሠዊያ ሆኖ ነበር። መሠዊያ በመሆኑ ዳነ ብሎ ጻፈ። በመውደዱ ብዛትም የግሪክ ጥበብ ከሁሉ ያማረበት ዘመን ሥራ አደረገው፤ ሣጥኑ ግን የተሠራው በሮማ ነገሥታት ዘመን ነው። ከእነዚህ ጎን ሲታይ የኮስታንዛው ትዕይንት ለቤተ ክርስቲያን ቀላል ነበር። የፌድራ ታሪክ እንጀራ ልጇን የተመኘች ሴት ታሪክ ነው፤ የፕሮሰርፒናም የጣዖት አምላክ ጠለፋ ነው። አደን ግን ጣዖት የለበትም።

ለተመራማሪ ትልቁ ጉዳት የደረሰው ዘግይቶ ነው። ከ1781 እስከ 1801 ካቴድራሉ በአርኪቴክቱ ፌርዲናንዶ ፉጋ ንድፍ ከውስጥ ሲታደስ መቃብሮቹ ሁሉ ከቀድሞ ቦታቸው ተነስተው ወደ ዛሬው ክፍል ገቡ። በዚያው ጊዜ ተከፍተው ተመረመሩ፤ ፍራንቼስኮ ዳኒዬሌ በ1784 ግኝቱን ከሥዕል ጋር አሳተመ። በፍሬዴሪክ ሣጥን ውስጥ ከእሱ ሌላ ሁለት አስከሬን ተገኘ። ለአያቱ የታሰበው፣ እሱ የወሰደው ሣጥን በኋላ ሌሎችንም አስተናግዷል። የመዘዋወሩ ጥፋት ግን በቁጥር የሚታይ አይደለም። መቃብር ከመሠዊያው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ግጥሙ ወደ ማን እንደሚያይ፣ ነጩ ከቀዩ ጎን ነበር ወይስ ለብቻው፣ እነዚህ የትርጉሙ ክፍሎች ነበሩ። ዛሬ ጎን ለጎን ስናያቸው የምናየው የ18ኛው መቶ ዘመን አሰላለፍ ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ የገለጽኩት ያንኑ ነው። ስለዚህ ከአሰላለፉ የተነሳ መደምደሚያ አልሰጠሁም፤ የተደገፍኩት ሣጥኑ ላይ በተቀረጸውና ውስጡ በተገኘው ነው።

ፍሬዴሪክ ከኮስታንዛ በኋላ ሁለት ጊዜ አግብቷል። በ1225 የኢየሩሳሌሙን መንግሥት ወራሽ ዮላንዳን፣ በ1235 የእንግሊዙን ንጉሥ እህት ኢዛቤላን። ሁለቱም የተቀበሩት ባሕር ማዶ፣ በዋናው የጣሊያን ምድር፣ በአንድሪያ ነው። እሱ በታኅሣሥ 1250 በፑሊያ ሲሞት አስከሬኑ ባሕሩን ተሻግሮ ፓሌርሞ ገባ። ግጥሙ ስሙን መጥራት ከጀመረ 28 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።